ለእህቱ መብራት ቀጠለ

ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መንገዱ ጨልሟል፤ ሰዎቹ ግን አይደናበሩም። እያንዳንዱ የጠፋ አምፖል በሁለት መዳፉ አቅፎ፣ እንደ ጫጩት እንዳይሞትበት እየሳሳ፣ ቀስ ብሎ ያልፋል። ዳቦ ጋጋሪው አለ፤ ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ከሞቱ የቆዩ ጎረቤቶች ሳይቀሩ አሉ። ሁሉም እሱ ዘንድ ሲደርሱ ቆም ይሉና፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው በትሕትና፣ «መቼ ይመጣል?» ይሉታል። ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከጉሮሮው የሚወጣው ቃል ሳይሆን የትራንስፎርመር ጉርምርምታ ነው። ከዚያ ይነቃል፤ ጣሪያውን ያያል፤ አምፖሉ በቦታው አለ።

የሰፈሩ ሰው «አሥራ አንድ» ይለዋል። አዳዲስ ተከራዮች ድሮ ኳስ ሲጫወት ከለበሰው ማልያ የወጣ ስም ይመስላቸዋል፤ እሱም አያርማቸውም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እናት አባት በሌሉበት ቤት ታናሽ እህቱን የሚያሳድግ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። እህትየው የመጨረሻው ክፍል ፈተና ደርሶባታል፤ ቤቱ ቆጣሪ የለውም፤ የኩራዙ ጭስ ዓይኗን አንድዶ ደም አስመስሎታል። ጎረምሳው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመንገዱ ምሰሶ ላይ ወጣና ሽቦ ቀጠለ። ስለ ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ ሽቦ ሁለት መሆኑን፣ በእርጥብ እጅ መንካት ደግ አለመሆኑን። እህትየው ሦስት ቀን አነበበች። በአራተኛው ቀን ትራንስፎርመሩ እንደ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አሳለና ዐረፈ።

መንገዱ አሥራ አንድ ቀን ጨለመ። ዳቦ ቤቱ ሊጡን ደፋ። ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ በሻማ ስትሰፋ አንዱን እጅጌ ከአንገቱ ጋር ገጠመችው። ዳኛው ለጎረምሳው ሁለት ዓመት ፈረደበት፤ ሰፈሩ ደግሞ በበኩሉ ስም አወጣለት። የዳኛው ፍርድ በሁለት ዓመቱ አለቀ። የሰፈር ፍርድ ግን ይግባኝ የለውም።

ማረሚያ ቤቱ ውስጥ አንድ አሮጌ አስተማሪ ነበር፤ ሽቦ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የሚታየው የሚል። «ከመንካትህ በፊት ስማው» ይለዋል። «የላላ ሽቦ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ነው የሚናገረው።» አሥራ አንድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማ። አንደኛ ደረጃ የሚል ማስረጃ ይዞ ሲወጣ ዓለም ሌላ ሆና ጠበቀችው። በመንገድ ሲሄድ ግድግዳዎቹ ይሳሱለትና ውስጣቸው ያለው ሽቦ እንደ ደም ሥር ይታየዋል፤ የትኛው ቤት ደህና እንደሚተኛ፣ የትኛው እንደሚያቃዠው ያውቃል። አንዳንዴ ካፌ ገብቶ ሻይ ሳያዝ ይወጣል። ለምን ሲሉት «ጣሪያውን ያመዋል» ብሎ ያልፋል።

አሠሪውን ሁሉም «ጋሽ ፊርማ» ነው የሚላቸው። ባለሙሉ ፈቃድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ ፈቃዳቸው በመስታወት ውስጥ ሆኖ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሽቦ ግን አይነኩም። በወጣትነታቸው፣ ፈቃዱን ባገኙ በሳምንቱ፣ ሞቷል ብለው የያዙት አንድ ጥቁር ሽቦ ከመሰላል ላይ አንስቶ ወለል ላይ ዘርግቷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የራድዮ መሰኪያ እንኳ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚነቅሉት። ፊርማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ከግራ ይነሳል፣ እንደ ወፍ ሁለት ጊዜ ክንፉን ያማታል፣ ይጠማዘዝና መጨረሻው ላይ አንዲት ነጥብ ጠብ ያደርጋል። ያን ፊርማ ያየ ተቆጣጣሪ ሽቦውን ለማየት አያስብም።

እናም አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። አሥራ አንድ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ጋሽ ፊርማ የባለቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ስለ ኩላሊት ያወራሉ። ሥራው ሲያልቅ አንዱ ላቡን ይጠርጋል፣ አንዱ ይፈርማል። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ጥሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይወጣቸዋል።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አዲስ ደንብ ወጣ። ከመጪው ወር ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሰው፣ ፈቃድ ያለው አጠገቡ ቢቆምም እንኳ፣ ሽቦ እንዳይነካ። ጋሽ ፊርማ ደንቡን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ደግመው አነበቡ። ያው ነው።

«እንግዲህ እኔ ልነካ ነዋ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

«ከሚነኩ እኔ ፈቃድ ባወጣ ይሻላል፣ ጋሼ።»

«ይሰጡሃል? ያ ነገርህስ?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ፈቃዱን የፈለገው ለእንጀራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር። ግን የእህቱም ቤት አለ። ያቺ በሦስት ቀን የተሰረቀ መብራት ፈተናዋን ያለፈች ልጅ ዛሬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት፤ ከዓመታት ልፋት በኋላ እዚያው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ሠርታለች። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የዘረጋው ወንድሟ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሥራ በዕድሜው አልሠራም። ከምሰሶው መስመር እንዲገባላት ግን ሽቦውን የዘረጋው ባለሙያ የፈረመበት ወረቀት መቅረብ አለበት። ጋሽ ፊርማ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሁሉ ነበር። እሷ ናት እምቢ ያለችው።

«ጋሽ ፊርማን እወዳቸዋለሁ፣ ወንድምዓለም። ግን ያን ሽቦ የማን እጅ ነው የዘረጋው?»

«የኔ።»

«እንግዲያው ያንተን ፊርማ ነው የምጠብቀው።»

«እታለም፣ ፈቃድ የለኝም እኮ።»

«እኔ ደግሞ ጨለማ አልፈራም። አሥራ አንድ ቀን ለምጄዋለሁ።»

ቀልዷን ነው፤ ግን አልቀለደችም። አራት ወር ሙሉ፣ ሁሉም ግድግዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት ቤት ውስጥ፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ መስኮት ስር ተቀምጣ ደብተር ታርማለች። ሲመሽ ሻማ ታበራና ሄዳ አንዱን ማብሪያ ትጫናለች። ቀጭ። ምንም። ቀጭ። «እየለመደኝ ነው» ትላለች።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ረጅም ኮሪደር አለው፤ ከመርዘሙ የተነሳ ከዚያኛው ጫፍ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ጥላው ይደርሳል፣ ቆይቶ ራሱ ይመጣል። ተራ ጠባቂዎቹ አግዳሚ ላይ አንቀላፍተዋል። ሁሉም አንድ ሕልም የተካፈሉ ይመስል ቁጥር ሲጠራ ባንድነት ይነቃሉ፣ የነሱ አለመሆኑን ሲያውቁ ባንድነት ይተኛሉ። አሥራ አንድ ከነሱ ጋር ሦስት ጊዜ ተኝቶ ሦስት ጊዜ ነቃና መስኮት አራት ደረሰ።

«የሥልጠና ማስረጃ ይዘዋል፣ ጋሼ?» አለችው መስኮት አራት ያለችው ወጣት።

ሰጣት። አነበበች፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ። «አንደኛ ደረጃ። እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም።» ማኅተሙን ጠጋ ብላ አየች። «የማረሚያ ቤት ነው። ጥሩ ያስተምራሉ ይባላል።»

«ጊዜው አላቸው። ተማሪውም አይቀርም።»

ሳቀችና ቀጭ አድርጋ ማኅተሟን መታችለት። «አልፈዋል። መስኮት አምስት።»

መስኮት አምስት እዚያው ጎኗ ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት ስስ የኮምፖልሳቶ ግድግዳ ብቻ ናት። ከኋላው የተቀመጠው ወጣት ፊቱ ደግ ነበር፤ ደግ መሆኑ ነው ነገሩን ያከበደው።

«ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት?»

«የለኝም።»

«ረስተውት መጥተው ነው?»

«ኧረ አልረሳሁትም፤ ነፃ አይደለሁም እንጂ።»

ልጁ ማስረጃውን አገላበጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን ማኅተም ባያሳዩኝ እኮ ይሻል ነበር። ጉዳዩ አሮጌ ነው፤ ማን ይቆፍረዋል?»

«ካላሳየሁት መስኮት አራት አታሳልፈኝም።»

«እውነት ነው።» ወጣቱ አሰበ። «ካሳዩት ደግሞ እኔ አላሳልፍዎትም።»

ወጣቷ በኮምፖልሳቶው ጫፍ አንገቷን አሰገገች። «እኔ ጋ እኮ ጎበዝ ናቸው።»

«እኔ ጋ ወንጀለኛ ናቸው» አላት፤ ክፋት አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት፤ ሁለት ሰው ቆሞ አንደኛው እስኪመለስ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እሱም ወደ ጎኑ ዞር ብሎ አየ። ማንም የለም።

በመጨረሻ ወጣቱ ከመሳቢያው ሥር አንድ ቅጽ አወጣ፤ ጫፉ በአቧራ ቢጫ የሆነ። «ልዩ ጉዳይ ኮሚቴ የሚባል አለ። ይህን ይሙሉና ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ምድር ቤት ይቅረቡ። ባለፈቃድ ምስክር ይዘው።»

ቅጹን የሞሉት እህቱ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነው፤ የቀረችው ብርሃን ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለች ስትሸሽ፣ እነሱ ጠረጴዛውን እየገፉ ሲከተሏት። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ አለቀ። ከዚያ «የወንጀሉን ሁኔታ ባጭሩ ይግለጹ» የሚል መጣና ከሥሩ አንድ መስመር ነጠብጣብ። አንዲት መስመር።

«ማን ነው አንድ መስመር ይበቃል ያለው?» አለች።

«ወንጀል ያልሠራ ሰው ይሆናላ።»

እስክሪብቶውን ወሰደችና ጻፈች፦ ለእህቱ መብራት ቀጠለ።

አየው። ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ አይበቃም። ምጽዋት አስመሰልሽው። ዳቦ ቤቱስ? የልብስ ሰፊዋ ሙሽራስ? አሥራ አንዱን ቀን ጻፊው።»

«ቦታ የለም።»

«ከነጠብጣቡ በታች ጻፊው።»

«ወንድምዓለም፣ ሰው ከራሱ ላይ ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል?»

«የተጻፈው ልክ ካልሆነ ፈቃዱ የማን ሊሆን ነው?»

ጻፈችው። መንገዱም አሥራ አንድ ቀን ጨለመ። ጽሑፉ ከነጠብጣቡ ወርዶ «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ» የሚለው ላይ ተኛ። ከዚያ ብርሃኗ ከጠረጴዛው ወርዳ ወለሉን ተሻግራ ሄደች፤ ሁለቱም እየሸኟት ቆሙ።

ሐሙስ ዕለት፣ አዲሱ ደንብ በጸና በሁለተኛው ቀን፣ ጋሽ ፊርማ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የዕቃ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። ባለፈቃድ ምስክር ናቸው፤ ቦርሳው ደግሞ ለመልክ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው የሁሉንም ስልክ ተቀበለ፤ ደንብ ነውና የኮሚቴውን አባላት ስልክም ሳይቀር ይዟል። በአሥራ አንድ ደረት ኪስ ላይ እንደ እስክሪብቶ የተሰካችውን ትንሽ የኃይል መፈተሻ ቴስተር ግን እስክሪብቶ ብሎ አለፋት።

ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። ጥግ ላይ የሕንፃው የኤሌክትሪክ ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ ፊት ለፊት ረጅም ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች። ሰብሳቢዋ ሽበታቸውን ወደ ኋላ የሰበሰቡ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። በቀኛቸው ደንቡን የያዘ ወጣት የሕግ ባለሙያ፤ በግራቸው ቀና የማይል ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ። ጋሽ ፊርማ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አሥራ አንድ ገና ሳይቀመጥ ሰማት። ዝንቧን። ሣጥኑ ውስጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አለ፤ «እዚያ ሣጥን ውስጥ ጥቁሩ ሽቦ ላልቷል። ብዙ አይቆይም።»

«የተጠየቀውን ብቻ ይመልሱ» አለ የሕግ ባለሙያው። «ድርጊቱን ሲፈጽሙ ወደፊት ፈቃድ እንደሚጠይቁ ያውቁ ነበር?»

«ያኔ ወደፊት አልነበረኝም። ፈተና ብቻ ነበር።»

«ድርጊቱን ለመድገም ያስባሉ?»

«ለሰው መብራት ማስገባቱን ነው?»

«እሱን።»

«ፈቃዱን የጠየቅሁት ለእሱ ነው።»

ሰብሳቢዋ ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። ጸሐፊው ጻፈ። በዚህ መሐል ዝንቧ ዝም አለች። ጨለማ ሆነ።

የምድር ቤት ጨለማ እንደ ውሃ ነው፤ ከወለል ተነስቶ ጉልበት፣ ደረት፣ አፍ ይደርሳል።  የሚሰማው የጸሐፊው እስክሪብቶ ብቻ ነበር፤ ሰውየው ጨለማን አጀንዳ ያልያዘ እንግዳ አድርጎ ቆጥሮት መጻፉን አላቆመም።

«እንዳሉት ሆነ» አሉ ሰብሳቢዋ። «እስቲ ይዩልን።»

«አልችልም፣ እትዬ።»

«አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ። ፈቃድ የለኝም።»

«ልክ ናቸው» አለ የሕግ ባለሙያው ከጨለማው ውስጥ፣ እየቀፈፈው። «አንቀጽ አሥራ አራት።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ፈቃድ ያለው ማን ነው ታዲያ?»

ከበሩ በኩል ወንበር ተንቋቋ። ጋሽ ፊርማ ዕድሜ ልካቸውን ሲሸሹት የኖሩት ጥያቄ ስልክ በሌለበት፣ መስኮት በሌለበት ቦታ አገኛቸው። «እኔ አለሁ» አሉ፤ ምን ይበሉ። ዳብሰው ሄዱ። የሣጥኑ ክዳን ሲከፈት፣ ቦርሳው ሲፈታ፣ ካቻቢቴ ከብረት ጋር ሲንቀጠቀጥ ተሰማ። ጥርስ የሚጋጭ ይመስል ነበር።

አሥራ አንድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የጋሽ ፊርማ ትንፋሽ ይሰማዋል። ጣቶቻቸው ከሽቦ ወደ ሽቦ እንደ ዓይነ ስውር ሲሄዱ ይታየዋል፤ በጨለማ ውስጥ ግድግዳ ይሳሳለት የለ?

«ከመያዣው የወጣ አንድ ሽቦ አለ» አሉ ጋሽ ፊርማ፤ ለኮሚቴው ይመስል፣ ግን ለእሱ ነበር። «ጥቁር መሆን አለበት። ጥቁር ደግሞ አይነዝርም። የሞተ ነው። አይደል?»

ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ይህን አያውቅም፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው የሚሞተውም በዚሁ ነው። ጥቁሩ ሽቦ በቦታው ሳለ ማንንም አይነካም። ከቦታው ሲወጣ ግን በአምፖሎቹ በኩል ዞሮ የመጣ ኃይል ጫፉ ላይ ይቆማል፤ ቀለሙ ያው፣ ስሙ ያው፣ መዝገቡ ንጹሕ፣ ነፍሱ ግን እንደ ነዛሪው ሽቦ ቀይ። ጋሽ ፊርማን በወጣትነታቸው ከመሰላል የጣላቸውም እሱ ነው።

«አይንኩት» አለ አሥራ አንድ።

ተነሥቶ ነበር። መቼ እንደተነሣ አያውቅም። በሦስት እርምጃ ደርሶ በግራ እጁ የጋሽ ፊርማን አንጓ ያዘ፤ በቀኙ ከደረት ኪሱ ቴስተሯን መዞ ጫፏን የሞተ በተባለው ሽቦ ላይ አሳረፈ። ቴስተሯ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቀይ መብራት በራች። በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። የሽማግሌውን ጣት አሳየች፤ ከሽቦው አንድ ጥፍር ያህል ቀርቷት ነበር። ሦስቱም የኮሚቴ አባላት፣ ጸሐፊው ሳይቀር፣ ቀና ብለው አዩአት።

«ሕያው ነው» አለ በቀስታ። ዋናውን ማብሪያ አወረደ፤ ቀይዋ ፍሬ ጠፋች። ከዚያ በጣቱ ብቻ ቦታውን አግኝቶ ሽቦውን መለሰ፣ ቡሎኑን አጠበቀ።

ጋሽ ፊርማ አልተንቀሳቀሱም። ሰው በጨለማ የሚናገረው በብርሃን አይወጣውም። «የተከበራችሁ ኮሚቴ» አሉ፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት ባለፈቃድ ነኝ። ሽቦ የነካሁት ግን አንድ ሳምንት ነው። ካለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ወዲህ በዚህ ከተማ በስሜ የበራ ቤት ሁሉ የዚህ ልጅ እጅ ነው። እኔ የፈረምኩ ነኝ። ምስክርነቴ ይኸው ነው።»

«ሊበራ ነው፤ ዓይናችሁን ጠብቁ» አለ አሥራ አንድ። አበራው።

ሁሉም እንደ ተኛ ሰው ዓይናቸውን አሹ። የሕግ ባለሙያው ደንቡን አነሣ፤ ግን እየተሳቀቀ። «ሰብሳቢ፣ አመልካቹ ያለፈቃድ ሽቦ ነክተዋል። እኛው ፊት።»

«አይቻለሁ።» ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ሳዝዎት እምቢ አሉ። ከዚያ ሳይታዘዙ ነኩ። ለምን?»

«መጀመሪያ የጠፋው መብራት ነበር፤ መብራት ይጠብቃል። በኋላ ግን ሰው ሊጠፋ ነው።»

«ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊትስ?»

አሰበ። «ያኔ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም ነበር፣ እትዬ። ለእሷ ስል የሌላውን ሁሉ አጠፋሁ።»

ሰብሳቢዋ የማመልከቻውን ቅጽ ሳቡ። ከነጠብጣቡ ወርዶ ለቢሮ በተከለለው ቦታ ላይ የተኛውን መስመር በጣታቸው ተከትለው አነበቡት። «ይህን ማን ጨምር አለዎት?»

«ማንም።»

«ሳይጠየቅ በራሱ ላይ የሚመሰክር አመልካች ዛሬ ገና አየሁ። ቃለ ጉባኤው ምን ይላል?»

ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፤ ጆሮው ቀላ። በጨለማ የጻፈው ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። እምቢታው መንካቱ ላይ፣ መንካቱ ኑዛዜው ላይ፣ ኑዛዜው አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ወጥቶ አንድ ጥቁር ድር ሆኗል። «አይነበብም፣ ሰብሳቢ። እንደ አዲስ መገልበጥ አለበት። ምን ብዬ ልገልብጠው?»

«የሆነውን» አሉ። «እምቢ ማለቱንም፣ መንካቱንም፣ ጣትየዋ የት እንደ ነበረችም። አንቀጽ ሃያስ ምን ይላል?»

የሕግ ባለሙያው ገለጠ፤ ፊቱ ፈታ አለ። «ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ባለፈቃድ በፊርማው ዋስ ከሆነ፣ ኮሚቴው የአንድ ዓመት ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ፊርማ ከኮታቸው ውስጥ ፈቃዳቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነበር፤ በገዛ አፋቸው ተናዘዋልና። ሰብሳቢዋ በሁለት ጣት ገፍተው መለሱላቸው። «ዛሬ ፈቃድዎ ያስፈልገናል። የሚመልሱት ነገ ነው።»

ጋሽ ፊርማ ፈረሙ። ወፏ ተነሣች፣ ሁለት ጊዜ ክንፏን አማታች፣ ተጠማዘዘች። ነጥቧን ሲጥሉ እስክሪብቶውን ትንሽ አቆዩት። ሠላሳ ዓመት ሲፈርሙ፣ በዓይናቸው አይተው የፈረሙበት ነገር ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። በማግስቱም፣ እንደተባሉት፣ ፈቃዳቸውን መለሱ፤ ግድግዳው ላይ መስታወቱ ብቻ ቀረ።

ያን ቅዳሜ ሦስቱ እህቱ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። የአንድ ዓመቱ ፈቃድ ወጥቶለታል፤ የመስመር ማስገቢያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። አሥራ አንድ እስክሪብቶውን ይይዛል፣ ያስቀምጣል። በዕድሜው ከእስር ሲፈታ ከፈረመው በቀር ፈርሞ አያውቅም።

«ያዘው እንጂ፣ ልጄ» አሉት ጋሽ ፊርማ። «እስክሪብቶ አይነዝርም።»

«እርስዎን ሽቦ እንደነዘረዎት እኔን ወረቀት ነዝሮኛል፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወንበራቸውን አስጠግተው አንጓውን ያዙለት፤ እዚያው ምድር ቤት እሱ እንደያዛቸው። «ከግራ ጀምር። አትቸኩል። ወፍ አታስበው፣ የኔን አታስበው። ሽቦ ስትዘረጋ እንደምትሄደው ሂድ።» ሄደ። ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው፣ መጨረሻው ላይ በደንብ የተቋጠረ መስመር ወጣ። እህቱ ወረቀቱን አንስታ ብርሃኑ ላይ ያዘችው። «ይኸው» አለች።

በስምንተኛው ቀን መስመር ዘርጊዎቹ መጥተው ቀጠሉላት። ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። ማብሪያውን የተጫነችው ራሷ ናት፤ አራት ወር የተለማመዱት ማብሪያና ጣት። ቀጭ። ክፍሉ በራ። ማንም አልጨበጨበም። ጋሽ ፊርማ ጣሪያውን አዩ፣ አሥራ አንድ አዳመጠ፤ ዝንብ የለም፣ ምንም የለም፤ የተኛ ሕፃን ዓይነት ጸጥታ ብቻ። እህቱ ከከረመው የደብተር ክምር አንዱን ሳበች፣ ከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት ከቤቱም ከመንገዱም መብራት ሄደ።

የመንገዱ ሁሉ ነው የሄደው። ወዲያው ከዳቦ ቤቱ በኩል የሳቅ ድምፅ ተሰማ። «አሥራ አንድ! ዛሬስ ለማን ቀጠልክ?» ልብስ ሰፊዋም ከመስኮቷ ተቀበለች፤ «የሙሽራ ቀሚስ ይዣለሁ፣ ቀኑን ቁጠርልኝ!»

«እኔ አይደለሁም» አለ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ። «ወረቀት አለኝ።»

መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሳቀ። ከኋላው እህቱ ስትስቅ፣ ጋሽ ፊርማም እንደ ትራንስፎርመር ሁለት ጊዜ ሲያስሉ ሰማ። ውጭ፣ በዚያ ሐምራዊ ምሽት፣ ሰዎች በየደጃቸው ወጡ፤ ጥላዎቻቸው ያለ ድንጋጤ፣ ቀስ ብለው ያልፋሉ። አንዱ፣ ማን እንደሆነ ያልለየው፣ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ቆም አለና ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው በትሕትና «መቼ ይመጣል?» አለው።

አሥራ አንድ አፉን ከፈተ። ምሰሶውን ጆሮ ሰጥቶ ትንሽ አዳመጠ፤ ከሩቅ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሽቦው በሕይወት እንዳለ ይሰማዋል።

«ይመጣል» አለ፤ በራሱ ድምፅ። «ግቡና ጠብቁት።»